ምራቄ ያላዳነው ሰው

ሸሕዲ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ባለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር መስታወት ላይ አንድ በሥዕል የተሠራ የታሪክ መጽሐፍ ተደግፎ ቆሟል። ሽፋኑ ላይ ዓይኗ እንደ ድመት አረንጓዴ የሚያበራ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተነሥቶ ሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ወገቧ በአንድ እጅ የሚጨበጥ ልጃገረድ አለች። ከእግሯ ሥር ብዙ ራስ ያለው እባብ ተንበርክኮ ይማጸናታል። እባብ በምኑ እንደሚንበረከክ ሠዓሊውን ጠይቁት። ርዕሱ «መርዝ አምካኟ፦ የልጅነት ገድል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ተብሎ ተጽፏል።

እውነተኛው ታሪክ እኔ ነኝ። ትርንጎ እባላለሁ። ሽንፋ ከተማ ውስጥ ማጭድ፣ ገመድና ሸራ እሸጣለሁ። ዓይኔ ጥቁር ነው፤ ወገቤ በአንድ እጅ አይጨበጥም፤ ነጠላዬም በራ አታውቅም። መጽሐፉን ገዝታችሁ ያነበባችሁ ካላችሁ ገንዘባችሁን ልመልስላችሁ አልችልም፤ ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ሥሩን ልንገራችሁ። ደራሲው ሥሩን ያውቀዋል። አብሮኝ ነበር። አውቆ ተወው።

ገና የወተት ጥርሴን የምነቅል ልጅ ሳለሁ የማሽላ አውድማ ላይ እፉኝት ተረከዜን ነደፈኝ። አባቴ እባቡን በአካፋ ገደለው። እናቴ ሞትኩ ብላ ደረቷን ደቃች፤ ጎረቤት ተሰብስቦ አለቀሰ። እኔ ግን አላበጥኩም። ትንሽ አለቀስኩ፣ ተኛሁ፣ ስነሣ ራበኝ አልኩ። ንፍሮ ሰጡኝ። ይኸው ነው። ገድሌ በሙሉ ከንፍሮው በፊት አልቋል።

ሰው ግን እንዲህ ባለ ነገር አይጠግብም። በማግስቱ የጎረቤታችንን ሚስት ጊንጥ ነደፋትና እየጮኸች መጥታ «እስቲ ትፊብኝ» አለችኝ። ተፋሁባት። ጊንጥ አቃጥሎ አቃጥሎ የሚተው ነገር ስለሆነ ተዋት። ከዚያ ወዲያ የእኔ ምራቅ የእኔ መሆኑ ቀረ። በአገራችን ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ ይላል፤ የምረቃ ምራቅ የሚጸየፍ የለም፤ ስለዚህ ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ፊቴ ሲቆሙ ማንም አልሳቀም። እኔ ብቻ ነበርኩ የምስቀው፤ እሱንም በውስጤ።

አሁን የሰሊጥ ነገር ካልገባችሁ የቀረው አይገባችሁም። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ በነዶ ታስሮ፣ ነዶዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንዲደርቁ ይቆማሉ። ያንን ክምር ሂላ እንለዋለን። ሂላ ሥር ጥላ አለ፤ ጥላ ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበት እባብ አለ። ስለዚህ የቆላ ሰው ነዶውን አንሥቶ ሸራው ላይ ከማራገፉ በፊት ሂላውን በዱላ ይመታል፣ ትንሽ ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዚያ እጁን ይሰዳል። ከደጋ ለቀን ሥራ የሚመጣው ሠራተኛ ይህን ዱላ መጀመሪያ የሚማረው ነገር ነው። ባይማርም እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አንድ ቀን ሲውል ራሱ ያገኘዋል።

ከሽንፋ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለውን ትልቁን የሰሊጥ እርሻ የሚያሠራው ካቦ፣ ዘለቀ የሚባል ሰው ነበር። ዘለቀ ክፉ ሰው አልነበረም። ከክፉ የባሰ፣ ችኩል ሰው ነበር። ሰሊጥ ደርቆ ከቆየ ነፋስና ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ መሬት ላይ ያፈሰዋል፤ ዘለቀም በየሂላው አጠገብ ቆሞ ዱላ የሚያነሣ ሠራተኛ ሲያይ ቆሽቱ ያርር ነበር። አንድ ዓመት፣ እኔ የተፋሁባቸው ሠራተኞች ዱላውን እየጣሉ ነዶ በሁለት እጃቸው እንደሚያፍሱ አስተዋለ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር በትራክተር ተሳቢ ጭኖ ቀጥታ ወደ ቤታችን ደጅ ያመጣልኝ ጀመር። አባቴ የሰፈሩ ሰው በአንቱታ ይጠራው ስለነበር ደስ ብሎታል። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሬን አስቀምጬ እጅ ላይ እተፋለሁ።

ናሆም የመጣው በዚያ ዓመት የሰሊጥ ማራገፊያ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ፣ በተከራየው ላንድክሩዘር። ጺሙን እንደ መነኩሴ ያሳደገ፣ የጫማው ዋጋ ግን ከእኛ ቤት የሚበልጥ ወጣት ነበር። የመኪናው ሹፌር ጋሽ ታምሩ የሚባሉ የአዘዞ ሰው ናቸው፤ ብዙ አያወሩም። ናሆም አባቴ ፊት ተቀምጦ ለወጣቶች በሥዕል የሚተረክ የጀግና መጽሐፍ እየሠራ መሆኑን አስረዳ።

«የሌላ አገር ጀግኖች ይበርራሉ፣ ብረት ያጥፋሉ። የእኛስ? እኛ ኃይል ያላት ልጅ አለችን እኮ አባባ! ዓለም አያውቃትም እንጂ!»

«ዓለም ባያውቃትም ሽንፋ ያውቃታል» አለ አባቴ፣ ቅር ብሎት።

ናሆም ወደ እኔ ዞረ። «ኃይሉ የመጣብሽ ቅጽበት ምን ተሰማሽ? ብርሃን? ድምፅ?»

«ራበኝ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አመመኝ።»

ጻፈ። ግን ፊቱ ላይ አየሁት፤ ንፍሮው አልጣመውም። መብረቅ ፈልጎ ነበር የመጣው። «እባቡ ሲነድፍሽ ዓይንሽን አይተሽው ይሆን? አረንጓዴ?» አለኝ። እንግዲህ የገዛ ዓይኔን በምኔ እንደማይ እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ በሁለት ጫፍ አሳስሮ ከእርሻው ዳር አቆመኝ። ነፋስ የሚባል ነገር የለም፤ ሐሩር ነው፤ እንኳን ነጠላ ቅጠልም አይነቃነቅም። ናሆም ግን ጨርቁ ካልበረረ ኃይል የለም ባይ ነው። በመጨረሻ ጋሽ ታምሩን የካርቶን ክዳን አስይዞ ከኋላዬ እንዲያራግቡ አደረጋቸው።

«ልጄ፣ እኔ መኪና ልነዳ ነው የተቀጠርኩ» አሉ ጋሽ ታምሩ ላባቸው እየተንጠባጠበ።

«ትንሽ ብቻ ጋሽ ታሜ! ለታሪክ ነው!»

«ታሪክ እንዲህ ከሆነ የሚሠራው…» አሉና አራገቡ።

ያኔ ነው ዘለቀ አዲስ ሠራተኞች በተሳቢ ጭኖ የደረሰው። ከመካከላቸው አንዱ ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ ነበር፤ ረዥም፣ ሳቂታ፣ በጫንቃው ላይ ጥሩ የሽመል ዱላ የያዘ። ተራው ደርሶ እጁን ሲዘረጋልኝ ዱላውን በብብቱ ያዘው።

«ወላሂ፣ ስለ አንች ከወልድያ ጀምሮ ነው የሰማሁ» አለኝ። «ሁለቱንም እጄን ነው ምትተፊልኝ ወይስ አንዱ ይበቃል?»

«አንዱም አይበቃም» አልኩት በእውነት። ቀልድ መሰለውና ሳቀ። ናሆም ፎቶ ሊያነሣ ተንበርክኳል። አባቴ በዓይኑ ጎሸመኝ። ተፋሁ።

ሰይድ እጁን አሻሽቶ ዱላውን ሊያነሣ ሲል ዘለቀ ቀማው። «ተተፍቶልህ ሳለ ዱላው ምን ሊሠራልህ ነው? ልጅቱን ልትንቃት ነው?»

«ኧረ አልንቃትም ጋሼ!»

«እንግዲያ ተወው።»

ዱላው ከሂላው ሥር ተጋደመ። ሰይድ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ወደ ሰሊጡ ሲሄድ አየሁት። አንድ ሰው ዱላውን የሚጥለው በእኔ ምክንያት መሆኑን በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ «ልጅቱን ልትንቃት ነው?» የሚለው ንግግር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሰው እንዳይንቀኝ ሲባል ሰው እጁን እባብ ጉድጓድ ይሰዳል።

ከምሳ በኋላ ናሆም አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ አቁሞኝ «አሁን ደግሞ ሩቅ ተመልከች፤ ሕዝብሽን እንደምትጠብቂ» እያለኝ ሳለ ከእርሻው መሐል ጩኸት ተነሣ። የምጠብቀው ሕዝብ አንገረብ ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። አንገረብ እዚህ ቆላ የምንተኛበት በገመድ የተጠለፈ አልጋ ነው፤ ሰው ሲታመምም የምንሸከምበት እሱው ነው። ላዩ ላይ ሰይድ ተጋድሟል። ቀኝ እጁ እንደ ተነፋ ጓንት አብጧል፤ አመልካች ጣቱ ጠቁሯል።

«እፉኝት ነው!» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ። «ነዶውን ሲያቅፍ ከሥሩ! ትፊበት ቶሎ!»

«ትፊበት! ትፊበት!» አለ ሁሉም።

አንገረቡን እግሬ ሥር አስቀመጡት። ሰይድ ከንፈሩ ነጥቷል፤ ሆኖም ሲያየኝ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ነው የገደለኝ። እኔን አይቶ ዳንኩ ብሎ ነው ፈገግ ያለው።

«አብሽሪ እህቴ» አለኝ፤ እሱ ነው የሚያጽናናኝ። «ትፊና ወደ ሥራየ ልመለስ።»

ተፋሁ። ምን ላድርግ? ሃምሳ ሰው ከቦ ሲጮህ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ምን ታደርጋለች? ተፋሁና ሁሉም እጁን ማየት ጀመሩ። እኔም አየሁ። እብጠቱ ከአንጓው ወደ ክንዱ ይወጣ ነበር፤ በዓይን እያየነው ይወጣ ነበር።

«አንድ ጊዜ ድገሚው» አለ ናሆም ከኋላዬ። «የቅድሙ ከብርሃኑ አንጻር አልያዘልኝም።»

እግዚአብሔር ይይልኝና፣ ያን ጊዜ ናሆምን የመታሁት በእጄ ሳይሆን በነጠላው ነው። ከአንገቴ ፈትቼ ፊቱ ላይ ወረወርኩት። «መኪናህን አስነሣ! ሐኪም ቤት ይሂድ! ምራቄ ምራቅ ነው፤ አይሰማህም? ምራቅ ነው!»

እውነት ተናገርኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአደባባይ፣ ጮክ ብዬ። ምን የሆነ ይመስላችኋል? ማንም አላመነኝም።

«ደንግጣ ነው» አለች አንዲት ሴት።

«ትሕትናዋ ነው» አለ ሌላው።

አባቴ ክንዴን ይዞ በጆሮዬ «አታዋርጅኝ» አለኝ። ዘለቀ ደግሞ አንገረቡን ዞሮ በመኪናውና በሰይድ መካከል ቆመ።

«ሐኪም ቤት የትም አይሄድም» አለ። «ተተፍቶለታል፤ ይተኛ፤ ያልፍለታል። እሷ የተፋችበት ሰው ሐኪም ቤት ሄደ ከተባለ ነገ ዱላ የማይዝ ሠራተኛ አላገኝም። ሰሊጡን የሚያራግፈው ዝናብ ነው ማለት ነው!»

«ሰውየው እየሞተ ነው ጋሽ ዘለቀ!»

«አይሞትም፤ አንችው ነሽ የተፋሽበት።»

የራሴ ስም ተመልሶ መንገድ ዘጋብኝ። ወደ ሰይድ ጎንበስ አልኩ። «ሰይድ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ፤ እባክህ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሐኪም ቤት ገብቶ የሞተ ብዙ አይቻለሁ። አንች ጋ የሞተ ግን አልሰማሁም። ከአንች ወዴት እሄዳለሁ?»

እኔ ጋ የሞተ ያልሰማው እፉኝት ነድፎት እኔ ጋ የመጣ ሰው ስላልነበረ ነው። ግን ይህን ለማስረዳት ጊዜ የለም። ክንዱ ክርኑ ላይ ደርሷል። ጋሽ ታምሩ ብቻ ወደ መኪናው ሄደው የኋላውን በር ከፍተው ሞተሩን አስነሥተዋል። ያ ሁሉ ሰው እጁን አጣምሮ በቆመበት አንድ ሞተር ሲነሣ ሰማሁና ልቤ ተመለሰ።

ታዲያ እውነት ካልተሰማ ምን ይቀራል? ዓይኔን ጨፈንኩ። ናሆም ያን ጠዋት ሙሉ ሲያለማምደኝ የዋለውን አቋቋም ቆምኩ፤ አገጬን ቀና፣ እጄን ዘርጋ አደረግሁ። ድምፄንም እንደ ጠንቋይ አወፈርኩት።

«ታየኝ» አልኩ።

ተሸካሚዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«እፉኝቷ ንግሥት ናት። ምራቄ ብቻውን አይበቃትም። ምራቄ የሚሠራው መርፌ ሲከተለው ነው። ሸሕዲ ሆስፒታል፣ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ። አለዚያ እንኳን እሱ ይህን እርሻ የረገጠ ሁሉ አይተርፍም። ያስቆመው ሰው ደግሞ መጀመሪያ ይነደፋል።»

ይህን ስል ዘለቀን በጣቴ አላመለከትኩም፤ አላስፈለገኝም። ሁሉም ዞረው አዩት። ዘለቀ ከመንገዱ ሁለት እርምጃ ዘለለ። አንገረቡ ከነሰይዱ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ላንድክሩዘሩ ውስጥ ገባ። ያው ሰው ናቸው፤ ያው ጆሮ ነው፤ እውነቱን ስነግራቸው ትሕትና ነው አሉኝ፣ ስዋሽ ተሸከሙ። እኔ የሰውን ልጅ መናቅ የጀመርኩት በዚያች ደቂቃ ነው፤ ሰው እንዳይከፋው ብዬ አልደብቀውም።

መንገዱ ክፉ ነበር፤ የክረምቱ ጭቃ እየደረቀ ስለነበር ጎማው የቀደደው ሁሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ጋሽ ታምሩ መሪውን ታግለው ይነዳሉ። ናሆም ከፊት ተቀምጦ ካሜራውን ታቅፏል። እኔ ከኋላ የሰይድን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌያለሁ።

«ትርንጎ» አለኝ አንድ ቦታ ላይ።

«አቤት።»

«ዱላየ ሂላው ሥር ቀረ።»

«ይመጣልሃል።»

«የአባቴ ነበር። ደጋግመህ ምታበት ብሎ ነው የሰጠኝ።» ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው። «ባላምንሽ ይሻለኝ ነበር?»

አለቀስኩ። አዎ ማለት አቃተኝ፤ አይ ማለትም አቃተኝ። ጋሽ ታምሩ በመስታወቱ አዩኝና ነዳጅ ረገጡ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ያገኘችን ሐኪም ከእኔ ብዙም የማትበልጥ የምትመስል፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሴት ናት። እጁን አይታ ነርሷን ጠራችና ወደ እኔ ዞረች።

«ስንት ሰዓት ሆነው? ምን አደረጋችሁለት?»

«ተፋሁበት» አልኳት።

ጊዜ አጥታ ነው እንጂ ብትመታኝ አልቀየማትም ነበር። «ለምን?»

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ ልጅ ሳለሁ እፉኝት እንደነደፈኝ፣ ምንም እንዳልሆንኩ፣ ከዚያ በኋላ ምራቄ ለሰው መሆኑን። እሷ መርፌውን እያዘጋጀች ሰማችኝ። ፀረ መርዙ ነበራቸው፤ ባይኖራቸው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

«ደረቅ ንክሻ ነው» አለችኝ ቀና ሳትል። «እባብ ነክሶ መርዙን የማይለቅበት ጊዜ አለ። መርዝ ለእሱ ስንቁ ነው፤ ለአይጥ ነው የሚፈልገው። አንቺ ላይ አላወጣውም፣ በቃ።»

«እና በደሟ ውስጥ የተለየ ነገር…» ብሎ ጀመረ ናሆም። የቀረችለት ተስፋ ይህች ነበረች መሰለኝ።

ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። «የተለየው ነገር እባቡ ላይ ነው» አለችው። «ቆጣቢ እባብ ነበር። እሱን ሣሉት።»

ይኸውላችሁ፣ አንባቢዎቼ፣ የመርዝ አምካኟ ምንጭ። መብረቅ አልወረደም፤ ሰማይ አልተከፈተም፤ የተመረጠ የለም። አንድ እፉኝት እኔን አይቶ ስንቄን ላጠፋባት አትበቃም አለ። እኔ ያን ጊዜ ከወንበሩ ወድቄ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፤ ከዚያ ጋሽ ታምሩ ውሃ አጠጡኝ። ለስንት ዓመት በትከሻዬ የተሸከምኩት ነገር ወረደልኝ። እንደዚያ ያለ ደስታ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ምንም አለመሆን እንዴት ደስ ይላል!

ሰይድ ተረፈ። አመልካች ጣቱን ግን ቆረጡለት። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው «መርፌው ነው ወይስ ምራቁ?» ብሎ ነው። «መርፌው» አልኩት። «መርፌው» አለች ሐኪሟም። ጋሽ ታምሩም «መርፌው ነው ልጄ» አሉት። ሁላችንንም በየተራ ካየን በኋላ «ምራቁ ባይኖር መርፌው ይይዝ ነበር?» አለ። በራሴ ውሸት ነው የመለሰልኝ። ሐኪሟ ወጥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ እጅ ላይ አልተፋም ብዬ ቀረሁ። አባቴ ለብዙ ጊዜ አላናገረኝም። እውነቱን ለመጣ ሁሉ ተናገርኩ፤ ደረቅ ንክሻ፣ ቆጣቢ እባብ፣ ስንቅ። ሰው ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሰሊጥ የሆነው ግን ይህ ነው፦ ሠራተኛው እኔ ካልተፋሁለት ወደ ሌላ ባለ ምራቅ መሄድ ጀመረ። ዘለቀ ከወደ አብደራፊ አንድ ሽማግሌ አምጥቶ አስቀምጦ ነበር፤ ጥርስ የላቸውም፤ ምራቅ ግን ሞልቷቸዋል። እሳቸው እጅ ላይ ይተፋሉ፤ ዱላው ይጣላል። እኔ በእውነቴ ተኮፍሼ ብቻዬን ቆምኩ።

ለዚያ ነው ወደ ውሸቴ የተመለስኩት። ሱቄን ስከፍት ከማጭዱና ከገመዱ ጎን የሽመል ዱላ ደረደርኩ። «ኃይሌ ከእጅ ወደ ዱላ ዞሯል» አልኩ። «የምተፋው ዱላ ላይ ነው። ሂላውን ሳይመታ ነዶ የሚያነሣ ሰው ምራቄን ያረክሰዋል፤ የረከሰ ምራቅ ደግሞ እባብ ይጠራል።» አመኑኝ። በእርግጥ አመኑኝ! ሽማግሌው ባዶ ቀሩ። እስከ ዛሬ የእኔን ዱላ ይዞ እየመታ የተነደፈ ሰው አልሰማሁም፤ ሰው ይህንን የምራቄ ተአምር ይለዋል። ዱላ ስለሆነ ነው ብዬ ብነግራቸው ነገ ይጥሉታል። ስለዚህ ዝም ብዬ እተፋለሁ፤ ዝም ብዬ እንቃቸዋለሁ፤ ዝም ብዬም እወዳቸዋለሁ፤ በሕይወት እስከኖሩ ድረስ የፈለጉትን ይመኑ።

መጽሐፉ የወጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ናሆም አንድ ቅጂ በአውቶቡስ ላከልኝ። ገለጥኩት። ሆስፒታሉ ዋሻ ሆኗል። ሐኪሟ የለችም። ጋሽ ታምሩና ላንድክሩዘሩ የሉም፤ በእነሱ ፈንታ ነጭ ፈረስ አለ። ዘለቀ ቀንድ አብቅሏል፤ እሱስ ይሁን። ዱላ የሚባል ነገር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የለም። ሰይድ ዐሥሩም ጣቶቹ ሙሉ ናቸው፤ እኔ ትፍ ስል ከአፌ አረንጓዴ ብርሃን ወጥቶ ተነሥቶ ይጨፍራል። እናንተ ከተማ ያላችሁ አንባቢዎች ልጆቻችሁ ይህን ሲያነቡ ደስ ይበላቸው፤ ጉዳት የለውም፤ እናንተ ሂላ የላችሁም። እኛ ግን አለን። የፈጠራ ጀግና በሚነበብበት አገርና እጅ ወደ ጨለማ በሚሰደድበት አገር መካከል አንድ የአውቶቡስ ትኬት ብቻ ነው ያለው።

ባለፈው ሰሊጥ ደግሞ ይህ ሆነ። ሰይድ አሁን ሳሉግ ነው፤ ማለትም እንደ ሌላው የደጋ ሠራተኛ ለወቅቱ መጥቶ የሚመለስ ሳይሆን እዚሁ ከርሞ የሚሠራ። ከሥራ ሲወጣ ሱቄ ደጅ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አንድ ከጎጃም የመጣ ጎልማሳ ያንን መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ መጣና እጁን ዘረጋልኝ።

«እትዬ፣ እንደ መጽሐፉ እጄ ላይ ይትፉልኝ።»

«ዱላ ላይ ነው የምተፋው።»

«መጽሐፉ ላይ ዱላ የለም» አለና ገጹን ገልጦ አሳየኝ። የሚጨፍረው ሰይድ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይኸው፤ ይህ ሰው ምንም ዱላ ሳይዝ ነው የዳነ።»

ሰይድ ሻዩን አስቀምጦ ተነሣ። ቀኝ እጁን ከሰውየው ፊት ዘርግቶ አራት ጣቶቹን አንድ በአንድ አሳየው።

«እሱ ሰው እኔ ነኝ» አለው። «ጣቴን እይልኝ። መጽሐፉ ላይ አለች፤ እኔ ላይ የለችም።»

ጎልማሳው መጽሐፉን አየ። የሰይድን እጅ አየ። እንደገና መጽሐፉን አየና በአክብሮት ወደ ሰይድ ቀና አለ።

«ወንድሜ፣ እንግዲያ አንተ ሌላ ሰው ትሆናለህ» አለው።

ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። ከተደረደሩት ዱላዎች ጠንካራውን መረጥኩ፣ አገጬን ቀና አደረግሁ፣ ተፋሁበትና ለጎልማሳው አቀበልኩት።